አክስት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል

መኪናዋን «አክስት» ብሎ የሰየማት ትንሹ ልጅ ነው። ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። አንድ ጠዋት ግቢ ውስጥ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲያያት ቆየና፣ «ይቺ ልክ እንደ አክስት ናት፤ ለሁለት ቀን ብላ መጥታ አትሄድም፣ ያገኘችውንም ሁሉ ትበላለች» አለ። የአምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ከራሱ አያወጣም፤ እናቱ ስለ ባሏ እህት በሹክሹክታ ያለችውን ነው ቃል በቃል የደገመው። ልብስ ሰፊው አባቱ የማን ነገር እንደሆነ ገባው፤ ገብቶት ግን ሳቀ። ስሙም በዚያው ጸና። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ፣ «አክስት እንዴት አደሩ? ዛሬስ ተነሡ?» ይላል።

እውነቱን ለመናገር አክስት ወጣት ሆና የሚያውቃት የለም። ልብስ ሰፊው እጅ ስትገባ ከትዳሩ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ድሮ አረንጓዴ የነበረች፣ በሮቿ ሲዘጉ የሚያቃስቱ፣ ግን በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት አሮጌ መኪና ነበረች። የገዛት ሚስትና ልጆቹን ይዞ አስፋልት ከሚያልቅበት ወዲያ ለመሄድ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። የሱቁ መስኮት ከሩቅ ኮረብታዎች ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። ሰውየው እግሩን በስፌት መኪናው ፔዳል ላይ እያመላለሰ ስንት ዓመት ሙሉ እነዚያን ኮረብታዎች ሲያይ ኖሯል። የዚያን ያህል ፔዳል መትቶ አንድ ክንድ ያልተጓዘ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ሱቁ ከቤቱ ጋር የተያያዘች አንዲት ክፍል ናት። መቁረጫ ጠረጴዛ፣ ካውያ፣ የስፌት መኪና፣ በምስማር ላይ የተንጠለጠሉ ያለቀላቸውና ያላለቀላቸው የተማሪ ዩኒፎርሞች። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም፤ ሚስቱ «ሲታጠብም የሚያወልቀው አይመስለኝም» ትላለች። በሰፈሩ የታወቀበት ነገር አንድ ነው፤ የልጅ ልብስ ሲሰፋ ከታች ሦስት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል። እናቶች ምነው ሲሉት፣ «ልጅ ያድጋል። ጨርቅ ግን በራሱ አያድግም፤ ለሱ የማስብለት እኔ ነኝ» ይላል። በዓመቱ ሱሪው ሲያጥር ያችን እጥፋት ይፈታታል፤ ልጁም አንድ ዓመት ይጨምርባታል። የሰዉ ሁሉ ልኬት በወፍራም ደብተር ላይ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ተሰጥቶት ተጽፏል። የራሱ ልጆችም ገጽ አላቸው።

አክስት በገባች በሁለተኛው እሑድ ቤተሰቡ ተጭኖ ወጣ። ሴቷ ልጅ ስምንት ዓመቷ፣ ወንዱ አራት። አስፋልቱ አለቀ፣ ጠጠሩ አለቀ፣ ከዚያ ወንዝ መጣ። ትልቅ ወንዝ አልነበረም፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ጥሩ ውሃ ነው። ልብስ ሰፊው «ይቺማ ምን አላት» ብሎ ገባ። መሀል ላይ ሞተሩ ውሃ ጠጣና አንዴ አስነጥሶ ጸጥ አለ። ውሃው በበሮቹ ሥር ሾልኮ ገባ፤ ያወለቋቸው ጫማዎች ወለሉ ላይ ተንሳፈፉ። ሚስቱ ትንሹን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ዳር ወጣች። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ሲል፣ «አንቺ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትዪ» ያላት ልጁ በሩን ከፍታ ወርዳለች። ዞር ሲል ውሃው ወገቧ ድረስ ደርሶ ቆማ አያት። ከዚያ አላያትም። ውሃ ብቻ ነበር የሚታየው።

ስንት ጊዜ ቆየች ቢባል፣ ሦስት እስኪቆጠር ነው። እሱ ግን ያቺን ሦስት ቆጥሮ ሳይጨርሳት ዘጠኝ ዓመት ኖረ። እጁን ሰዶ ያገኘው ኮሌታዋን ነው፤ ራሱ በድርብ ስፌት የሰፋውን ኮሌታ። ጎትቶ አወጣት። እያሳለች ፊቷን ደረቱ ላይ ለጠፈች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። «አይዞሽ፣ አታልቅሺ፣ አለሁልሽ» ይላታል።

ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ይሠራል። ልጆቹ በፎጣ ተጠቅልለው ዳር ላይ ሲቀመጡ፣ ከማዶ እርሻ ትራክተር መጥቶ እስኪጎትታቸው ድረስ፣ ልብስ ሰፊው ብቻውን ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባ። ልጁ የጠፋችበት ቦታ ላይ ቆመና ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እስከ ወንዙ ወለል ለቀቀው። ሚስቱ ከዳር ሆና ስታየው አእምሮውን የሳተ መስሏት ነበር። ቤት ሲገቡ ደብተሩን አውጥቶ፣ በልጁ ገጽ ላይ፣ ከቁመቷና ከወገቧ ልኬት በታች «ውሃ፦ 68» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቦ፣ «ስለዚህ ቀን እዚህ ቤት እንዳይነሣ» አለ። አልተነሣም።

አክስትን የማደስ ነገር የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው። የበሯ ደፍ ከመሬት ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ነበር። ሃምሳ ደግሞ ለስድሳ ስምንት አይበቃም። በመጀመሪያው ዓመት ሞላዎቿ በረጃጅም ተለወጡ፤ በሁለተኛው ትልልቅ ጎማ ገባላትና ደፏ ሰባ ሁለት ደረሰ። ሥራውን የሚመራው የሰፈሩ መካኒክ ነው፤ የካቻቢቴ ጫፍ ሞተር ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ስለሚያዳምጥ «ሐኪሙ» ይሉታል። ሰባ ሁለት በደረሰች ቀን ሐኪሙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ ድናለች፤ ውሰዳት» አለው። ልብስ ሰፊው ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ «አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል» አለ።

ያቺ አንድ ነገር አላልቅ አለች። በሦስተኛው ዓመት ሞተሯ ውሃ እንዳይጠጣ አየር የምትስብበት ቱቦ ከጎኗ ወጥቶ እስከ ጣሪያዋ ተዘረጋ። በአራተኛው የበሮቿን ዙሪያ ራሱ በወፍራም መርፌ እየሰፋ ጎማ አለበሳቸው፤ ለአንድ በር አንድ ወር ፈጀ። ከዚያ የፊት ብረቷ፣ ከዚያ የጣሪያ ዕቃ መጫኛዋ፣ ከዚያ ከጎኗ ተዘርግቶ ጥላ የሚሆን ሸራ። ከወንበሮቹ ጀርባ የኪስ መዓት ሰፋላት፤ ለሳህን ኪስ፣ ለባትሪ ኪስ፣ ለፋሻ ኪስ፣ ለምን እንደሆነ ያልታወቀ ትንሽ ኪስም አለ። አክስት በዚህ ሁሉ ዘመን የሄደችው ትልቁ ጉዞ እስከ ሐኪሙ ጋራዥ ደርሶ መልስ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ልብስ ሰፊው፣ ሰው ሲያበሽቀው።

«እንቁላሉማ ዶሮ ሆኖ፣ ጫጩት ፈልፍሎ፣ ድሮ አረጀ» ትላለች ሚስቱ።

በዚህ ሥራ ሁሉ ልጁ አልተለየችውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሲዘጋ ቁልፍ ስታቀብል፣ ቡሎን ስትቆጥር፣ ከሱ ጋር አክስት ሥር ገብታ ስትጠቁር አደገች። በአሥራ ሦስት ዓመቷ የቁልፉን ቁጥር ሳትጠየቅ ታቀብላለች፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ አክስትን ከግቢ አውጥታ ሐኪሙ ጋ የምታደርሳት እሷ ሆነች። ልብሷን ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ከሱቅ ነው የምትገዛው፤ ጂንስ አባቷ አይሰፋም። ስለዚህ በደብተሩ ላይ ያለው ገጿ እዚያው ላይ ቆሟል።

በዘጠነኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። ልጅቷ ለከፍተኛ ትምህርት ተቀባይነት አግኝታለች፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚወስድ ከተማ ነው፤ መግቢያው ከሦስት ሳምንት በኋላ። ቤቱ በደስታ ታመሰ። እናትየው እየሣቀች አለቀሰች፤ ትንሹ ወንድሟ አልጋዋን አሁኑኑ እንድትለቅለት ጠየቀ። ልብስ ሰፊው ልጁን አቅፎ ግንባሯን ስሞ፣ «ምን ላድርግልሽ የኔ እናት? ጠይቂኝ» አላት።

«ከመሄዴ በፊት በአክስት ወደዚያ ወንዝ ውሰደን» አለች።

ዘጠኝ ዓመት ያልተጠራ ነገር ነው የተጠራው። ልብስ ሰፊው በሜትሩ ጫፍ መጫወት ጀመረ። «በደስታ። ምን ገዶኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፤ ዊንቹ። ድንገት ብትያዝ ራሷን በገመድ ጎትታ የምታወጣበት ነው። ታዟል።»

«መቼ ይመጣል?»

«በወር። ቢበዛ በወር ተኩል።»

ልጅቷ በጣቷ ቆጥራ ማስላት አላስፈለጋትም። «እሺ አባዬ» አለችው፤ ለስለስ አድርጋ፣ ምንም ሳትከፋ። አንጀቱን የበላው ያ «እሺ» ነው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ምሳ በልተው ልጆቹ ሲወጡ ሚስቱ ሳህን እያጠበች፣ እሱ እያደረቀ፣ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እሷ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቁስል ስትጠርግ ውላ የምትገባ ሴት ስለሆነች ነገር አታሽሞነሙንም።

«አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰባ ሁለት ከስድሳ ስምንት ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አክስት ሰባ ሁለት የደረሰችው በሁለተኛው ዓመት ነው። ደብተርህን አይቼዋለሁ። ሰባቱን ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?»

ሳህኑ ደርቆ አሁንም ያደርቀዋል።

«ቁስል ሲሽር ፋሻው ይፈታል» አለች። «ካልተፈታ ከሥሩ ይሸታል። እኔም የዚያን ቀን ደንግጫለሁ፤ ልጄ ናት። ግን በሦስተኛው ሳምንት ትሄዳለች። ወንዙን ፈርተህ ልጅቷን እንዳታጣት። ስትመለስ እንግዳ ሆና ነው የምትመለሰው፤ ያን ጊዜ ዊንቹን ታሳያታለህ።»

«ፈርቼ አይደለም» ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ቀና ብላ አየችው፤ ዘጋው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ፤ እሱም ያውቀዋል። ሰው ፍርሃቱን ሲያውቀው የሚለቀው ቢሆን ኖሮ ስንቱ ነገር በቀለለ።

ሰውየው ግን ሲጨንቀው ሥራ ነው የሚሸሸግበት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአክስትን የኋላ በር ከፍቶ፣ የፍራሹን ልብስ ለማጠብ ብሎ ፍራሹን አነሣው። ይህ ፍራሽ በሁለተኛው ዓመት የተሠራ ነው። የኋላ ወንበሯ ተነሥቶ በቦታው ልጆቹ የሚተኙበት ኮምፔርሳቶ ተዘርግቷል፤ ከኋላው ደግሞ ባዶ የውሃ ጀሪካኖች የሚገቡበት ሳጥን አለ። ኮምፔርሳቶውን ሲቆርጥ ያደረገውን ረስቶት ነበር። ፍራሹ ሲነሣ ግን አየው፤ ሥሩ ላይ በነጭ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ሁለት ልጆች ተሥለዋል።

ያኔ ሁለቱን በጀርባቸው አስተኝቶ፣ ጨርቅ እንደሚቆርጥ ሰው፣ ዙሪያቸውን በጠመኔ ነበር የከበበው። ትንሹ «አባዬ ይኮረኩረኛል» እያለ ሲንፈራገጥ የሱ መስመር ተወላግዷል። የልጅቷ ግን ቀጥ ብሏል፤ ትንፋሿን ይዛ ነበር የተሰፈረችው። ራሷ፣ ሁለት ትከሻዋ፣ እግሯ እስከ ተረከዟ። ሳጥኑ ከተረከዟ አጠገብ ይጀምራል። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ በተረከዟና በሳጥኑ መሀል ጣቱን አስገባ። አንድ ጣት ብቻ ገባ።

ልጅቷ ከኋላው መጥታ ቆማለች። «ወይኔ፣ እኔ ነኝ?» ብላ ሳቀች። «ቆይ፣ ልተኛበት።»

ወጥታ በጀርባዋ ተጋደመች። ራሷን በሥዕሉ ራስ ላይ ስታደርግ ትከሻዋ የወንድሟን ቦታ ወሰደ፤ እግሯ ሳጥኑን አልፎ፣ የኋላውን በር አልፎ፣ ውጭ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ጫማዋ ከአባቷ ሆድ ጋር ተነካካ።

ልብስ ሰፊው የገዛ ልጁን ጫማ ይዞ ቆመ። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ሦስት ሦስት ጣት ያሰበላቸው ሰው ለራሱ ልጅ ምንም አላሰበም። በዚያ ዓመት እንሄዳለን ብሎ ነዋ፤ ለዚያ ዓመት ነዋ የሰፋው። «ትርፍ አልተውኩም» አለ።

እሷ ስለ ጣውላው የሚያወራ መሰላት። «ችግር የለውም አባዬ፣ አጥፌ እተኛለሁ» አለች፣ ጉልበቷን ወደ ላይ እየሰበሰበች።

«እሑድ እንሄዳለን።»

ቀና አለች። «ዊንቹስ?»

«ዊንቹ ይቅር።»

እሑድ ጠዋት ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንችና አንድ ፔርሙስ ሻይ ተጫነ። ፋሻው የፋሻ ኪስ ውስጥ ገባ። አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ትንሹ፣ ከእንቅልፉ በግድ ተነሥቶ፣ ከኋላ ፍራሹ ላይ በደረቱ ተዘረጋ፤ እናቱ አጠገቡ፣ እህቱ ከፊት ከአባቷ ጎን ተቀመጡ። የግቢው በር ሲከፈት ጎረቤት ወጥቶ ተሰልፏል። አንዷ ጎረቤት፣ «አክስት፣ እውነት ሊሄዱ ነው? እኛ እኮ ለምደንዎት ነበር» አለች። ሐኪሙ ሳይቀር በእሑድ ልብሱ መጥቶ ኮፈኗን መታ መታ አድርጎ ሸኛት።

ልብስ ሰፊው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ እያዘገመ ይነዳል። ከከተማ ሲወጡ አንድ ብስክሌት ቀደማቸው፤ ሚስቱ ቀስ ብላ «ደግሞ ዳቦ ጭኗል» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሰማም። በልቡ ሜትሩን ዘርግቶ ያቺን ቁጥር ነበር የሚያየው።

አስፋልቱ አለቀ፣ ጠጠሩ አለቀ፣ ወንዙ መጣ።

ወንዙ ላይ ድልድይ አለ።

ሰፊ አይደለም፤ የሲሚንቶ ድልድይ ነው፤ ከአጠገቡ የድሮው መሻገሪያ እንዳለ አለ። ድልድዩ እንኳ አዲስ አይደለም፤ ሲሚንቶው ጠቁሯል፣ ጠርዙ ላይ ሣር በቅሏል። ልብስ ሰፊው አክስትን አቁሞ አየው። በዚህ መሀል ያ ባለ ዳቦ ብስክሌት፣ መንገድ ላይ አርፎ ነበር መሰለኝ፣ ደወሉን እያቃጨለ አልፏቸው በድልድዩ ላይ ተሻገረ።

መጀመሪያ የፈነዳው ትንሹ ነው። ፍራሹ ላይ እየተንከባለለ ይስቃል። እናትየው አፏን በእጇ ያዘች፤ አልሆነላትም። «ዘጠኝ ዓመት» ትላለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ የጣሪያ ቱቦ…» ልብስ ሰፊው ራሱ ከንፈሩ ሳይወድ በግድ ተነቃነቀ። ግን ደግሞ ሸክም የወረደለት ሰው ሆኖ ተነፈሰ። «እንግዲያ ጥሩ፣ በድልድዩ እንሻገርና ማዶ ጥላ ሥር…» አለ።

«አባዬ» አለች ልጅቷ ከጎኑ። «በድልድዩ ከሆነማ በታክሲም እንመጣ ነበር። በውሃው እንለፍ። እኔ ልንዳ።»

«አይሆንም።»

«አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ።»

ወደ ኋላ ዞሮ ሚስቱን አየ፤ እንድትቃወምለት። እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ወርዶ ወደ ውሃው ዳር ሄደ፤ እያንዳንዱን ድንጋይ አየ፤ ተመልሶ መጣ፤ እንደገና ሄደ። ውሃው ያው ነው፤ ሰነፍ፣ ጥሩ ውሃ። ተመልሶ ቁልፉን እጇ ላይ ሲያስቀምጥ መልቀቅ አቅቶት ትንሽ ቆየ። እሷም አልጎተተችም፤ እስኪለቅ ጠበቀችው።

ከባዱን ማርሽ አስገብታ ቀስ ብላ ገባች። እሱ የጣሪያውን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ እግሩን ወለሉ ላይ ተክሏል። አክስት አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበለች እንጂ ሞተሯ ድምፁን እንኳ አልለወጠም። መሀል ላይ ሲደርሱ ልጅቷ አቆመችና ሞተሩን አጠፋችው።

«ምን ሆንሽ? ለምን አጠፋሽው?»

«ምንም አልሆንኩም። ስማ።»

ውሃው በአክስት እግሮች መሀል ሲያልፍ ይሰማል። ትንሹ ከኋላ ምንጣፉን ገልጦ አየ። «ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ አልገባም» አለ፣ ቅር ያለው በሚመስል ድምፅ። ልብስ ሰፊው ራሱም ጎንበስ ብሎ የበሩን ዙሪያ በጣቱ ዳሰሰ። ስፌቱ ይዟል።

«እዚህ ጋ ነበር አይደል?» አለች ልጅቷ።

«እዚህ ጋ ነው የወደቅሽው። ከዚያች ድንጋይ ወዲህ።»

«አልወደቅኩም እኮ።»

ዞር ብሎ አያት።

«አባዬ፣ አልወደቅኩም። ጫማዬ በበሩ ወጥቶ ሲሄድ አየሁት፤ ወረድኩ፤ ከዚያች ድንጋይ ሥር ሲገባ ጠልቄ ያዝኩት። በእጄ ይዤው ነበር። አንተ በኮሌታዬ ስትጎትተኝ ነው የጣልኩት።»

«ታለቅሺ ነበር። ደረቴ ላይ።»

«እየሳቅኩ ነበር። በጣም የምወደው ቀን እኮ ነው፤ በሕይወቴ። መኪና ውስጥ ውሃ ገብቶ ጫማ ሲንሳፈፍ… ልነግርህ ቀና ስል እጅህ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባቴ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ደግሞ አይነሣ አልክ። ተውኩት።»

ሚስቱ ከኋላ እጇን አንሥታ ትከሻው ላይ አደረገች። ዘጠኝ ዓመት ያቆሰለው ነገር፣ ልጁ ጫማ ልትይዝ የጠለቀችበት ነገር ነው። መቆጣት ይሁን መሳቅ አላወቀም፤ የተሰማው ግን እፎይታ ነው፤ ሙሉ እፎይታ፣ እንባ የቀላቀለ።

አንድ ወር የሰፋውን በር ከፈተ። ውሃው ከደፉ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ያልፋል። ሸራ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ሱሪውን ሳይሰበስብ ወረደ። ልጅቷም በበኩሏ ወርዳ በአክስት አፍንጫ ዞራ መጣች። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እስከ ወለሉ ለቀቀው፤ ሰውየው ሰው አይደለ፣ ልማድ ነው።

«ስንት?» አለችው።

«ስድሳ ስምንት።»

ወንዙ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አያት። ያ ወገቧን ይዞ የነበረው ውሃ ከጉልበቷ በላይ፣ ጭኗ ላይ ነው የቆመው። ቀጥ ብላ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ከሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆማለች። ይህን ሁሉ ዓመት የለካው ውሃውን ነበር፤ ልጁን መለካት ግን ረስቶታል። ሜትሩን ከውሃው አውጥቶ፣ እንደ ድሮው፣ ከተረከዟ ጀምሮ ሊለካት ጎንበስ ሲል ቀኝ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሲያወጣው ጫማው የለም።

«ጫማህ ሄደች» አለች ሚስቱ ከመስኮት።

ነጯ ሸራ ጫማ አክስትን ዞራ፣ ዘና ብላ፣ ወደዚያች ድንጋይ ትሄዳለች። ልብስ ሰፊው አየት አደረጋት። ምን እንደነካው እሱም አያውቅም። ሁለት እርምጃ ተራምዶ፣ ድንጋዩ ሥር ልትገባ ስትል፣ ከነሜትሩ ከነሸሚዙ ጠለቀ።

ከሥር ጸጥ ያለ ነው። ጫማውን ያዘ። እንዲህ ነው እንዴ ብሎ አሰበ፤ እንዲህ ከሆነማ ደስ ይላል።

ከዚያ አንድ እጅ ኮሌታውን ጨምድዶ ይዞ ወደ ላይ ጎተተው። ጫማው ከእጁ አመለጠ። አየር ላይ ወጥቶ እያሳለ፣ ውሃውን ከዓይኑ እየጠረገ፣ «ይዤው ነበር እኮ» ሊል አፉን ከፈተና ልጁን አያት።

ፊቷ አመድ መስሏል። አትስቅም። ኮሌታውን አልለቀቀችም፤ የያዘችበት እጇ እስከ ክንዷ ድረስ ይንቀጠቀጣል።

«ጠፋህብኝ» አለች።

እጇን በሁለት እጁ ያዘው። ሊያረጋጋት አልቸኮለም፤ እንዲያው ያዘው ብቻ፣ መንቀጥቀጡ እስኪያልፍ። «እኔም እንዲህ ነበርኩ የዚያን ቀን» አላት። «ልክ እንዲህ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ፊቷን እርጥብ ደረቱ ላይ ለጠፈች። ትከሻዋ መርገፍገፍ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊው ጠየቃት።

«እያለቀስሽ ነው እየሳቅሽ?»

«ሁለቱንም» አለችው።